ነጌቲቩ ሳይበላሽ፦ በዲላና በጌዴኦ ስለሚገኙ የጥቁርና ነጭ ፊልሞች

በዲላ ከተማም ሆነ በወናጎና በይርጋጨፌ፣ በቡሌና በኮቸሬ፣ ዕድሜ ወዳለው ቤት የገባ እንግዳ ከሳሎኑ ግድግዳ ላይ በመስተዋት ተከድኖ የተሰቀለ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ማየቱ የተለመደ ነው፤ አባት በካፖርታቸው ላይ ጋቢ ደርበው፣ እናት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ልጆች እንደ ቁመታቸው ተሰልፈው፣ ከኋላቸውም የፎቶ ቤቱ መጋረጃ ተዘርግቶ፣ ሁሉም ትንፋሻቸውን ውጠው የቆሙባት ቅጽበት በዚያ ወረቀት ላይ ጸንታ ትኖራለች። ቤተ ሰቡ ፎቶግራፉን ያከብረዋል፤ በዓል ሲደርስ አቧራው ይጠረጋል፤ ከቤተ ሰቡ አንዱ ሲያርፍም ወጥቶ በለቀስተኛው ፊት ይቆማል። ያን ፎቶግራፍ ያስገኘው ቀጭን የፊልም ቁራጭ፣ ማለት ነጌቲቩ፣ ዛሬ የት እንዳለ ቢጠየቅ ግን የሚመልስ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ፎቶ ቤቱ ሲዘጋ ከቁሳቁሱ ጋር ተጥሎ እንደሆነ፣ በፎቶ አንሺው ወራሾች ዘንድ በካርቶን ታሽጎ እንደሆነ፣ ወይም ካሜራ የነበራቸው አንድ መምህር በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከደረሰኝና ከደብዳቤ ጋር ቀላቅለውት እንደሆነ ማን ያውቃል?

ስለዚህ ነገር መጻፍ ያስፈለገበት ምክንያት፣ ሰው ሁሉ የወላጆቹን ፎቶግራፍ ወደ ዲጂታል ለመለወጥ በሚጣደፍበት በዚህ ዘመን፣ ቅጂውን ይዞ ዋናውን እየተወ መሆኑ ነው። ብዙዎቻችን የምናደርገው ፎቶግራፉን ከግድግዳ አውርደን፣ አንዳንዴም መስተዋቱን እንኳ ሳናወጣ፣ በእጅ ስልክ አንሥተን ለዘመድ መላክ ነው፤ የመስኮቱ ብርሃን ከመስተዋቱ ላይ ነጥሮ የአያትን ግንባር ያነጣዋል፣ የስልኩም ጥላ በነጠላው ላይ ያርፋል፤ እኛ ግን ፎቶግራፉ ከጥፋት የዳነ ይመስለናል። ወረቀቱ ራሱ ግን ቅጂ ነው። ዳዊት የሚጽፍ ጸሐፊ ዋናው ብራና ከፊቱ ተዘርግቶ ሳለ ከሌላ ሰው ግልባጭ ቢገለብጥ፣ የፊተኛው ጸሐፊ የዘለለውን እርሱም እንደሚዘል፣ የፊተኛው የሳተውንም እንደሚስት ሁሉ፣ ከወረቀት ፎቶግራፍ ላይ የሚነሣ ዲጂታል ምስልም ወረቀቱ ያጣውን ሁሉ አጥቶ ይወለዳል።

ወረቀቱ ምን እንዳጣ ለማወቅ የነጌቲቩን ባሕርይ ማወቅ ያሻል። ፊልም ማለት ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ፕላስቲክ ላይ የተቀባ የጄላቲን ሽፋን ነው፤ በጄላቲኑ ውስጥም የብር ጨው ደቃቅ ፍሬዎች ተበትነዋል። ካሜራው ተከፍቶ ብርሃን ሲያርፍባቸው ፍሬዎቹ ለዐይን የማይታይ ለውጥ ይቀበላሉ፤ በጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልሙ በዴቨሎፐር ሲታጠብ ብርሃን የነካቸው ፍሬዎች ወደ ጥሩ ብር ይለወጣሉ፤ ፊክሰር የተባለው መድኃኒት ደግሞ ብርሃን ያልነካውን ጨው አጥቦ ያወጣዋል። እንግዲህ በጥቁርና ነጭ ነጌቲቭ ላይ የምናየው ጥቁረት የቀለም ጥቁረት ሳይሆን ከማዕድናት አንዱ የሆነው ብር ራሱ ነው። ይህ ብር ከብርሃን ወደ ጨለማ የሚወርደውን መሰላል በብዙ እርከን መዝግቦ ይይዛል፤ የፎቶ ቤቱ ወረቀት ግን ያን ሁሉ እርከን መሸከም ስለማይችል፣ አጣቢው በጨለማ ክፍል ቆሞ የሚይዘውንና የሚተወውን በሙያው ይመርጥ ነበር። በጥድፊያ ቀን፣ ጉርድ ፎቶ የሚፈልገው ሰው በበዛበት ሰዓት፣ ምርጫው ምን ያህል ይቸኩል እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም።

ከነዚህ ነጌቲቮች አንዱን በሁለት ጣት ጠርዙን ብቻ ይዘን ወደ መስኮት ብናቀናው ዓለሙ ሁሉ ተገልብጦ ይታየናል። ነጩ ነጠላ ድፍን ጥቁር ሆኗል፤ ጥቁሩ ጠጉር ደግሞ ባዶ እስኪመስል ድረስ ጠርቷል፤ ጠይሙ ፊት በሁለቱ መካከል፣ ሆኖም ወደ ጠራው ወገን ቀርቦ፣ እጅግ ስስ በሆነ የብር ሽፋን ተሥሎ ይገኛል። በዚያ ስስ ሽፋን ውስጥ የዐይን ቆብ፣ የጉንጭ ዐጥንት፣ የአንገት ንቅሳት ሁሉ አለ፤ በወፍራሙ ጥቁረት ውስጥም፣ ብርቱ ብርሃን ቢያልፍበት፣ የነጠላው ሽመናና የጥለቱ መሥመር ይገለጣል። በግድግዳው ፎቶግራፍ ላይ ግን ነጠላው አንድ ወጥ ነጭ፣ ፊቱም አንድ ወጥ ጥቁር ሆኖ ስናይ ኖረናል፤ ያም የሰዎቹ መልክ ሳይሆን የወረቀቱ ድካም ነበረ። ነጌቲቩን በአግባቡ ስካን ማድረግ የሚያስገኘው ትልቁ በረከት ይህ ነው፤ የእናታችንን ፊትና የእናታችንን ልብስ በአንድ ምስል ውስጥ ሁለቱንም ሳይሠዉ ማየት።

የጌዴኦ ምድር ደግሞ ለዚህ ጥበብ ከባድ ፈተና ነው። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦን ባህላዊ መልክዐ ምድር በዓለም ቅርስነት የመዘገበው፣ በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ጠርዝ ባለው ዳገት ላይ ታላላቅ ዛፎች እንሰቱን፣ ከሥሩም ቡናውን እያጠለሉ አብረው የሚኖሩበትን የእርሻ ሥርዐት፣ የተቀደሱትን ደኖችና በተራራው ጀርባ ላይ የተተከሉትን ጥንታውያን ትክል ድንጋዮች አክብሮ ነው። በዚያ ጥላ ሥር የተነሣ ፎቶግራፍ እኩሌታው ድቅድቅ፣ እኩሌታው በቅጠል መካከል የወረደ ጸሓይ ይሆናል፤ ቡና የሚለቅሙት ሴቶች በጥላው፣ ጋቢ የለበሱት ሽማግሌ በጸሓዩ ይቆማሉ። ይህን ተቃርኖ ነጌቲቩ ይችለዋል፤ ቸኩሎ የተሠራ ቅጂ ግን ከሁለቱ አንዱን ይውጠዋል።

ያው ለም ምድር በሌላ በኩል የፊልም ጠላት ነው፤ ዝናቡ ብዙ፣ አየሩም እርጥብ ነውና። እርጥበት ሲበዛ ጄላቲኑ ያብጣል፣ ነጌቲቮቹ እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ፣ ሻጋታም ይበቅልባቸዋል፤ ጄላቲን ለሻጋታ ምግብ ነውና። ከዚህ የሚብስም አለ። ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት የፊልም መሠረት የነበረው አሲቴት የተባለው ፕላስቲክ ሙቀትና እርጥበት ሲጸናበት ከራሱ ውስጥ አሲድ እያወጣ መበስበስ ይጀምራል፤ የፊልም ካርቶን ሲከፈት የአቼቶ ሽታ የሚሸተው ከዚህ የተነሣ ነው። ይህ መበስበስ አንዴ ከጀመረ እየፈጠነ ይሄዳል፣ ፊልሙም ይኮማተራል፣ ይሸበሸባል፣ ሽፋኑም ይላቀቃል፤ የሚያቆመው መድኃኒት የለም፣ ቅዝቃዜና ደረቅ አየር ያዘገየው እንደሆነ እንጂ። የአቼቶ ሽታ የሸተተው ሰው ያን ካርቶን ከሌሎቹ ለይቶ በቅድሚያ ስካን ማስደረግ አለበት። ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በፊት የነበሩ አንዳንድ ፊልሞች ደግሞ ናይትሬት ከተባለ በቀላሉ ከሚቀጣጠል ነገር የተሠሩ ናቸውና፣ እጅግ ያረጀ ፊልም ያገኘ ሰው ከእሳትና ከሙቀት አርቆ ባለሙያ ሊያማክር ይገባል።

ፊልምን በማዳን ረገድ በአገራችን ታሪክ ታላቅ አብነት የሚሆነን የብራናዎቹ ሥራ ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መንበረ ፓትርያርክ፣ በአሜሪካ ሚኒሶታ የሚገኘው የኮሌጅቪል ቅዱስ ዮሐንስ ተቋም የብራና ቤተ መጻሕፍትና የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ተባብረው ያቆሙት፣ የአድባራቱንና የገዳማቱን ብራናዎች ገጽ በገጽ በ35 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም እያነሣ ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን መዘገበ። ዘውድ ሲወርድ፣ አብዮት ሲነድ፣ ረኀብና ጦርነት ሲፈራረቅ፣ ያ ካሜራ ገጽ መግለጡን አላቋረጠም፤ ታላቁ ሊቅ ጌታቸው ኃይሌም በስደት አገር ተቀምጠው ለብዙ ዓመታት እነዚያን ፊልሞች እያነበቡ የብዙዎቹን መጻሕፍት ይዘት በዝርዝር ጻፉ። በዚህ መዝገብ በቍጥር 1832 የሚታወቀው የሐይቅ እስጢፋኖስ የ13ኛው ምዕተ ዓመት ወንጌል ብቻውን የሥራውን ክብር ለማስረዳት ይበቃል። ከዐሥርተ ዓመታት በኋላ ፊልሞቹ ስካን ተደረጉ፤ ዛሬ በጎንደር ወይም በዲላ የተቀመጠ ተማሪ፣ ኢንተርኔት ካለው፣ ገጾቹን ከፍቶ ማንበብ ይችላል።

ከዚህ ሥራ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ፊልሙን ያነሡት ሰዎች ዲጂታል የሚባል ነገር ሊመጣ እንደሆነ ሳያውቁ ሠርተው፣ ፊልሙ ግን ያን ዘመን ጠብቆ መድረሱ ነው፤ በደንብ የተቀመጠ ፊልም መሣሪያው በተሻሻለ ቍጥር ደግሞ ደጋግሞ ሊገለበጥ ይችላልና። ሁለተኛው የሚያሳዝን ነው፤ ጥቁርና ነጭ ፊልም በብራናው ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈውን የእግዚአብሔርንና የቅዱሳንን ስም ከጥቁሩ ጋር በግራጫ ስላመሳሰለው፣ ምንም ያህል ጥሩ ስካነር ቢመጣ ያን ቅላት ከፊልሙ ሊያወጣው አይችልም። ስካነር ፊልሙ የያዘውን ያወጣል እንጂ ያልያዘውን አይፈጥርም፤ ዛሬ በኮምፒዩተር አማካይነት ለአሮጌ ፎቶግራፍ ቀለም የሚቀቡ ሰዎች ይህን ቢያስቡት መልካም ነው፤ የአያትን ካፖርት ሰማያዊ ያደረገው መሣሪያው ነው፣ ሰማያዊ እንደ ነበረ ግን ማንም አልመሰከረም።

ወደ ጌዴኦ ስንመለስ፣ የዚህ ምድር ቀደምት የፎቶግራፍ መዛግብት ከሚገኙባቸው ስፍራዎች አንዱ ጀርመን አገር ነው። አባ አዛይስ የተባሉት ፈረንሳዊ ካህንና ባልደረባቸው ሮዤ ሻምባር በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. የደቡብን ትክል ድንጋዮች እየዞሩ ከመረመሩ በኋላ፣ በ1934 እና 1935 እ.ኤ.አ.፣ ማለት የኢጣሊያ ወረራ በደጅ ሳለ፣ በአዶልፍ የንሰን የተመራው የፍራንክፈርቱ የፍሮቤኒየስ ተቋም ጉዞ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ መጥቶ የጌዴኦን ሕዝብና ትክል ድንጋዮቹን አጥንቷል፤ የጥናቱንም ውጤት በ1936 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳትሟል። ተቋሙ ያን ሁሉ የምስል ሀብቱን በዲጂታል እየለወጠ ለሕዝብ ከፍቷል። በጌዴኦ ምድር በቱቱ ፈላና በጨልባ ቱቲቲ የሚገኙት ትክል ድንጋዮች፣ አንዳንዶቹ የሰው ፊት የተቀረጸባቸው፣ አንዳንዶቹ በመሥመር ያጌጡ፣ ብዙዎቹም የወደቁና የተሰበሩ ስለሆኑ፣ ከዘጠና ዓመት በፊት ምን ይመስሉ እንደ ነበር የሚያሳይ ነጌቲቭ ለጥናት ያለው ዋጋ ይህ ነው የማይባል ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በዚያው ምድር በሳካሮ ሶዶ ያሉት ድንጋዮች እስከ 2,000 ዓመት የሚደርስ ዕድሜ እንዳላቸው ካሳወቀ ወዲህማ ፍላጎቱ ጨምሯል። ሆኖም ባዕድ አገር ያለው ነጌቲቭ ተጠብቆ፣ በእጃችን ያለው ሲሻግት ማየት የሚያንገበግብ ነገር ነው፤ የውጭ ተመራማሪ ድንጋዩንና የዕለቱን ሥነ ሥርዐት አነሣ እንጂ፣ የዲላን ቡና ነጋዴ ሰርግ፣ የትምህርት ቤቱን የመጀመሪያ ተመራቂዎች፣ የገበያውን ቀን ያነሣው የአገሩ ፎቶ አንሺ ነውና።

አሁን ስለ አሠራሩ። ለፊልም የሚሆን ስካነር ከተራው የወረቀት ስካነር የሚለየው ብርሃኑ ከላይ ወደ ታች ፊልሙን ዘልቆ እንዲያልፍ ተደርጎ መሠራቱ ነው፤ ክዳኑ ውስጥ መብራት የሌለው የቢሮ ስካነር ለዚህ አይጠቅምም። እንደ ኤፕሰን ቪ600 እና ቪ850 ያሉት ጠፍጣፋ ስካነሮች ከፊልም መያዣቸው ጋር ይመጣሉ። መያዣውን መጠቀም ግድ ነው፤ ፊልሙ መስተዋቱን ከነካ ቀስተ ደመና የመሰሉ ቀለበቶች በምስሉ ላይ ይታያሉ። ከፊልሙ ሁለት ገጾች የሚያብለጨልጨው የፕላስቲኩ ወገን፣ የደበዘዘው ደግሞ ብሩ ያለበት ወገን ነው፤ ይህን ያላስተዋለ ሰው ምስሉን ገልብጦ ያወጣና የሰርገኛውን ቀለበት በቀኝ እጁ፣ የሱቁንም ጽሕፈት ከቀኝ ወደ ግራ ያስነብባል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ግን ማሽኑ በራሱ እንዲወስን አለመተው ነው። የስካነሩ ፕሮግራም ምስሉ በስክሪን ላይ ደመቅ ብሎ እንዲታይ ጨለማውንም ብርሃኑንም ከሁለቱ ጫፍ ይቆርጣል፤ በመጀመሪያ የሚቆረጠውም ቀደም ብለን የተናገርንለት፣ በስሱ ብር የተሣለው የጠይም ፊት ዝርዝር ነው። ስለዚህ ሂስቶግራም የሚባለውን የብርሃን ግራፍ ከፍቶ ሁለቱንም ጠቋሚዎች ከግራፉ ጫፎች ወጣ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ምስሉም በ16 ቢት ግራጫ እንዲቀዳ ማዘዝ ያስፈልጋል። በ8 ቢት ከጥቁር እስከ ነጭ ያለው እርከን 256 ብቻ ሲሆን በ16 ቢት 65,536 ነው። እንዲህ የተቀዳ ምስል መጀመሪያ ሲታይ የፈዘዘና የማያምር ነው፤ ማሳመሩ ኋላ፣ በሌላ ቅጂ ላይ፣ በትዕግሥት ይሠራል።

መጠኑን በተመለከተ፣ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም አንድ ምስል 24 በ36 ሚሊ ሜትር ነው፤ በአንድ ኢንች 2400 ነጥብ ሲቀዳ ወደ 7.7 ሚሊዮን ነጥብ ይሰጣል፣ ያም 19 በ29 ሴንቲ ሜትር በሚያህል ወረቀት ላይ ጥርት ብሎ ለመታተም ይበቃል። እኩል ጎን ባለው አራት ማዕዘን የሚያነሡት የድሮ የስቱዲዮ ካሜራዎች ፊልም ሰፊ ስለሆነ በዚያው ልክ ወደ 28 ሚሊዮን ነጥብ ያወጣል። በስካነሩ ካርቶን ላይ 6400 ተብሎ መጻፉ ማንንም አያታልል፤ ጠፍጣፋ ስካነር በእውነት የሚለየው ዝርዝር ከዚያ በጣም ያነሰ ነው፤ የተቀረው ፋይሉን ማሳበጥ ነው። ዋናው ፋይል ቲፍ (TIFF) በሚባለው የፋይል ዓይነት ይቀመጥ፤ ጄፔግ (JPEG) ለመላክ እንጂ ለማኖር አይሆንም፣ ዝርዝሩን እየጨመቀ ይጥላልና። አንድ የ35 ሚሊ ሜትር ምስል በዚህ አኳኋን 15 ሜጋባይት ገደማ ስለሚይዝ፣ በአንድ ቴራባይት ዲስክ ላይ ከ60,000 በላይ ምስል ይቀመጣል፤ ይህም ለአንድ ትንሽ ፎቶ ቤት የዘመናት ሥራ ይበቃል ማለት ነው።

አቧራን ስለ ማጥፋት ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። አንዳንድ ስካነሮች በኢንፍራሬድ ጨረር አቧራና ጭረትን ፈልገው የሚሰርዙበት፣ ዲጂታል አይስ የተባለ ብልሃት አላቸው፤ ለባለ ቀለም ፊልም እጅግ ይጠቅማል፤ በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ግን ጨረሩን ብሩ ራሱ ስለሚያግደው፣ ማሽኑ የሰውየውን ፊት እንደ እድፍ ቈጥሮ ያበላሸዋል። መዘጋት አለበት። በእርሱ ፈንታ ከመቅዳት በፊት በለስላሳ ብሩሽና በአየር መንፊያ ማጽዳት፣ የቀረውን ነጥብ ደግሞ በኮምፒዩተር አንድ በአንድ ማንሣት ነው። የሻገተ ነጌቲቭ በውሃ አይታጠብም፤ ሻጋታ የበላው ጄላቲን በውሃ ይሟሟልና ምስሉ ከነሻጋታው ታጥቦ ይሄዳል። ስካነር የሌለው ሰው፣ ማክሮ ሌንስ ያለው ዲጂታል ካሜራ በቋሚ አስሮ፣ እኩል ብርሃን በሚሰጥ ጠፍጣፋ መብራት ላይ ፊልሙን ዘርግቶ ቢያነሣ ከስካነሩ የማያንስ፣ እንዲያውም የሚበልጥ ውጤት ሊያገኝ ይችላል፤ ሥራውም ይፈጥንለታል። በእጅ ስልክ ከነጌቲቭ ላይ ማንሣት በካርቶኑ ውስጥ ምን እንዳለ ለማወቅ ያህል ይጠቅማል፣ ለማኖር ግን አይበቃም።

ምስሉ ከተቀዳ በኋላ እኩሌታው ሥራ ገና አልተጀመረም፤ እርሱም ማን፣ የት፣ መቼ የሚለውን መመዝገብ ነው። ስም የሌለው ፎቶግራፍ ከአንድ ትውልድ በኋላ የማንም አይደለም። ስለዚህ የታተሙትን ምስሎች ይዞ ወደ ሽማግሌዎች መሄድ፣ የጌዴኦ ባህላዊ ሸንጎ የሆነው የሶንጎ አባላት በተሰበሰቡበት ፈቃዳቸውን ጠይቆ ማሳየት፣ እናቶችንም ለብቻ መጠየቅ ያሻል፤ የልብሱን ዘመንና የማን ሰርግ እንደሆነ እነርሱ ያውቃሉና። በቀደምት መዛግብት ሕዝቡ ደራሳ እየተባለ ተጽፎ ሲገኝ፣ የድሮው ጽሑፍ ሳይሰረዝ ከጎኑ ጌዴኦ የሚለው ትክክለኛ ስሙ ይጻፍ፤ ፈላጊ በሁለቱም እንዲያገኘው። ፎቶግራፉ ውስጥ ያሉት ሰዎች ቤተ ሰብ ካለ ደግሞ ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት ይጠየቅ፤ ለግድግዳ የተነሣ ምስል ለዓለም ሁሉ የተነሣ አይደለም።

ነጌቲቮቹ ስካን ከተደረጉ በኋላም አይጣሉም። ዲስክ ይሰበራል፣ ፋይል ይጠፋል፣ የዛሬው ማሽንም ነገ ይሻሻላል፤ ፊልሙ ግን በንጹሕ የወረቀት ፖስታ ተለይቶ፣ ከጣራ ሙቀትና ከወለል እርጥበት ርቆ ከተቀመጠ ገና ብዙ ዘመን ይኖራል። በዲላና በየወረዳው ያላችሁ የቀድሞ ፎቶ አንሺዎችና ወራሾቻቸው ሆይ፣ ካርቶናችሁን ዛሬ ክፈቱ፤ አሽትቱት፤ የአቼቶ ሽታ ያለውን ለዩ፤ የምታውቁትንም ስም በእርሳስ በፖስታው ላይ ጻፉ። ዲላ ዩኒቨርሲቲና የዞኑ የባህል መሥሪያ ቤትም አንድ ጥሩ ስካነር፣ አንድ ደረቅ ክፍልና ሁለት የሠለጠኑ ወጣቶች ቢመድቡ፣ ባለቤቶቹ ነጌቲቮቻቸውን አምጥተው ቅጂውን ሰጥተው ዋናውን ይዘው የሚመለሱበት ቤት ይሆናል።